ውሃው ኩልል ብሎ ኮራሉ ሲከሳ፦ ለትንሽ ሪፍ ታንክ የማጣሪያ ሚዲያ አመራረጥ

የታንኬ ውሃ እንደዚያ ሳምንት ጠርቶ አያውቅም። በአንዱ ጎን ቆሜ እስከ ሌላኛው ጫፍ ሳይ መሃሉ ላይ ውሃ ያለ አይመስልም። ዓሦቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ፎስፌት (ከምግብና ከዓሣ ኩስ የሚመጣ ንጥረ ነገር) ለካሁ፤ ዜሮ። ደስ አለኝ። በማግስቱ ደግሜ ለካሁ፤ አሁንም ዜሮ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን የሃመር ኮራሌ ሥጋ ከአጽሙ ጠርዝ ሸሸ፤ ስለት ያለው ነጭ አጥንት ብቅ ማለት ጀመረ። ጣቶቹ ድሮ ከሚዘረጉት ግማሽ ያህል ነው የሚወጡት። አረንጓዴው ቀለሙ ገርጥቷል።

በሽታ መሰለኝ። በሽታ አልነበረም። ረሃብ ነው። ያስራብኩት ደግሞ እኔው ነኝ፤ በማጣሪያ ሚዲያ።

ይህን የምጽፈው ትንሽ ሪፍ ታንክ (ኮራልና ዓሣ የሚኖርበት የጨው ውሃ ታንክ) ጀምራችሁ «ማጣሪያው ውስጥ ምን ልጨምር?» እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። ሚዲያ ስል ማጣሪያው ክፍል ገብቶ ውሃ የሚያልፍበትን ነገር ሁሉ ማለቴ ነው፤ ነጩን ጥጥ፣ ስፖንጁን፣ የሸክላ ቀለበቱን፣ ከሰሉን፣ ፎስፌት የሚይዘውን ቡናማ ጠጠር። እያንዳንዱ ጥሩ ነገር ነው። ግን እያንዳንዱ ከውሃው አንድ ነገር ይወስዳል። የሚወስደው ነገር ታንካችሁ ውስጥ በዝቶ ካልሆነ፣ የሚወስደው ኮራሉ የሚበላውን ነው።

ታንኬ ባለ 60 ሊትር ነው። ከኋላ በጥቁር ፕላስቲክ የተከፈሉ ሦስት ክፍሎች አሉት። ውሃው ከላይ በማበጠሪያ መሰል ቀዳዳ ወደ መጀመሪያው ክፍል ይገባል፣ በሥር አልፎ ሁለተኛው ውስጥ ይወጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው ላይ ያለው ፓምፕ ወደ ፊት ይመልሰዋል። ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንዲት ትንሽ ጎቢ፣ ቀንድ አውጣዎችና ጥቂት ሄርሚት ክራቦች አሉኝ። ከኮራል ዞአንተስ፣ ማሽሩም፣ ሌዘር (ቆዳ መሰል) ኮራልና ያ ሃመር። ድንጋዩ 7 ኪሎ ያህል ነው።

ሲጀመር ሦስቱንም ክፍል ጢም አድርጌ ሞላሁ። ጥጥ፣ ከሥሩ ጥቁር ስፖንጅ፣ ከሥሩ የሸክላ ቀለበት፣ አንድ ከረጢት ካርቦን (ከሰሉ)፣ አንድ ከረጢት ጂኤፍኦ (ፎስፌት የሚይዘው ቡናማ ጠጠር)፣ አንድ ከረጢት ፒውሪጅን (ውሃ የሚያጠሩ ነጫጭ እንክብሎች)። አንዱ የሳተውን ሌላው ይይዘዋል ብዬ ነው። ስድስት ነገር በአንድ ቀን ሲገባ ደግሞ አንድ ነገር ሲበላሽ የቱ እንዳበላሸው ማወቅ አይቻልም። ይህን በኋላ ነው የተረዳሁት።

መጀመሪያ ድንጋዩ ምን እንደሚሠራ ልንገራችሁ፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል። ባክቴሪያዎች አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ይህ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ የሚካሄደውም በየትኛውም ጠንካራ ነገር ገጽ ላይ ነው። ሪፍ ላይ የምንጠቀምበት ድንጋይ ግን እንደ ዳቦ ውስጡ ቀዳዳ የበዛበት ነው። ወደ ውስጥ በተገባ ቁጥር ኦክስጅን ያልቃል። እዚያ የሚኖሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ወስደው ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉታል፤ ጋዙም ከውሃው ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ ድንጋይ አሞኒያውንም ናይትሬቱንም ይሠራል። ለሁለት ትናንሽ ክላውንፊሽና ለአንዲት ጎቢ 7 ኪሎ ድንጋይ ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ የሸክላ ቀለበቱ ምን ያደርጋል? በእኔ ታንክ ብዙም አያደርግም ነበር። ጉዳቱ ግን ቀስ ብሎ መጣ። ቀለበቶቹ ጥጡ ያመለጠውን ዝቃጭ ያጠምዳሉ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ማንም አያጸዳውም። ከአራት ወር በኋላ ሳወጣቸው ከሥራቸው የጭቃ ክምር አገኘሁ። ባዮቦል (ባክቴሪያ እንዲኖርበት የሚገባ የፕላስቲክ ኳስ) ላይ የሚነገረው ክስም ይኸው ነው፤ ናይትሬት ያመርታል ይባላል። ባዮቦል በራሱ ናይትሬት አይፈጥርም። ቆሻሻ ያጠራቅማል፤ ቆሻሻው አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያው ናይትሬት ሆኖ እዚያው ይቆማል፤ ምክንያቱም ኦክስጅን የሌለው ውስጥ የለውም።

ቀለበቱን በአንድ ጊዜ ግን አላወጣሁም። በየሁለት ሳምንቱ ሲሶውን እያወጣሁ አሞኒያ እለካ ነበር። የጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8.2 አካባቢ ስለሆነ፣ ያው መጠን አሞኒያ ከጨው አልባ ውሃ ይልቅ እዚህ የበለጠ ይመርዛል። ጥድፊያ አያስፈልግም። አሞኒያው ከዜሮ ንቅንቅ ሳይል ቀለበቱ አለቀ። ድንጋያችሁ ጥቂት ከሆነ፣ ወይም ለመልክ ብላችሁ ሁለት ሦስት ድንጋይ ብቻ ካስቀመጣችሁ ግን አታውጡት። ያኔ ቀዳዳ የበዛበት የባክቴሪያ ሚዲያ የምር ያስፈልጋችኋል። ከፊቱ ጥሩ ጥጥ ይኑር፤ በየተወሰነ ጊዜም ከታንኩ በቀዳችሁት ውሃ ውስጥ ንቅንቅ አድርጋችሁ ዝቃጩን አራግፉለት። የቧንቧ ውሃ አታስነኩት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል።

አሁን ወደ ጥጡ። ስለ ማጣሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሰሙኝ ከሆነ ስለዚህ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ነጩ የማጣሪያ ጥጥ በጣም ቀላሉ ሚዲያ ነው። ለትንሽ ታንክ ግን ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱም ቆሻሻውን ወደ አሞኒያና ወደ ፎስፌት ከመቀየሩ በፊት ይዞት ይወጣል። ሌሎቹ ሚዲያዎች ሁሉ የሚሠሩት ከሟሟ በኋላ ነው። ችግሩ አንድ ነው። ጥጡ ቆሻሻውን ቢይዘውም እናንተ እስክታወጡት ድረስ ከውሃው አልወጣም። እዚያው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይበሰብሳል።

አንድ ጊዜ አምስት ቀን የቆየ ጥጥ አውጥቼ ነጭ ሳህን ላይ ጨመቅኩት። ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። ውስጡ ያበጠ የምግብ ፍርፋሪ ነበር፤ የዓሦቹ ኩስ እንደ ክር ተጣብቋል። በመሃሉ ሩዝ የማያህሉ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረቶች ይዘላሉ። ሽታው የባሕር ሽታ አይደለም፤ የቆየ ነገር ሽታ ነው። ከዚያ ጭማቂ ላይ ጥቂት ወስጄ ፎስፌት ለካሁ። ሰማያዊው ቀለም ሰንጠረዡ ላይ ካለው ከመጨረሻው ምልክት አልፎ ጠቆረ። ይህ ሁሉ ፓምፑ ውሃ ሲያሳልፍበት ቀስ በቀስ ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነበር። በሁለተኛው ቀን የወጣ ጥጥ ላይ ያው ሙከራ ስደግመው ቀለሙ በጣም ሳሳ።

ከዚያ ወዲህ ጥጡን በየሁለት ቀኑ፣ ግፋ ቢል በሦስተኛው ቀን እቀይራለሁ። አጥቤ አልመልሰውም፤ እጥለዋለሁ። ከጥቅሉ ላይ አስቀድሜ በልኩ ቆርጬ ደርቤ አስቀምጣለሁ፤ ያኔ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ሥራው ከከበደ ሰው መተዉ አይቀርም። በሳምንት አንዴ ብቻ ነው የምደርሰው የምትሉ ከሆነ፣ ጥጡን ጭራሽ ባታስገቡት ይሻላል። ስኪመር (ቆሻሻውን በአረፋ የሚያወጣ መሣሪያ) እና ጥሩ የውሃ እንቅስቃሴ ይበቃችኋል።

ስፖንጁን አውጥቻለሁ። ጥጥ ካለ ሁለቱ አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት።

ካርቦን ሁሌም አለኝ፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አክቲቬትድ ካርቦን ገጹ በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ከሰል ነው። ውሃውን ቢጫ የሚያደርጉትን የሟሙ ነገሮች ይይዛል። ሽታም ይይዛል። ከዚህ በላይ ደግሞ ኮራሎች እርስ በርስ የሚለቁትን መርዝ ይቀንሳል። ኮራል ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል እንጂ ለቦታ ይዋጋል። ሌዘር ኮራል በተለይ ጎረቤቱን የሚያዳክም ኬሚካል ይለቃል። ትልቅ ባሕር ውስጥ ማዕበሉ ይወስደዋል። 60 ሊትር ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ሌዘር ኮራሌ ቆዳውን ሲጥል፣ ለሁለትና ለሦስት ቀን ሰም የተቀባ መስሎ ይዘጋል። ያን ጊዜ ዞአንተሶቹ አብረው ይዘጉ ነበር። ካርቦኑን በዚያ ሰሞን ስቀይር ዞአንተሶቹ በማግስቱ መከፈት ጀመሩ።

ዞአንተስ ካነሳሁ አይቀር፦ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ለሰው አደገኛ መርዝ አላቸው። ስትቆርጧቸው ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። የተቀመጡበትን ድንጋይ በፍጹም አትቀቅሉ፤ እንፋሎቱ ሰው ሆስፒታል ያስገባል። ቆርጣችሁ ስትጨርሱ አዲስ ካርቦን አስገቡ።

ካርቦን ያስፈልጋል አያስፈልግም ለማለት እኔ ሁለት ነጭ ባልዲ እጠቀማለሁ። አንዱ ውስጥ የታንክ ውሃ፣ ሌላው ውስጥ አዲስ የበጠበጥኩት የጨው ውሃ። ጎን ለጎን አስቀምጬ ከላይ አያለሁ። ታንኩን በመስታወቱ ስታዩት የማይታይ ቢጫነት እዚያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃችሁ ብዙ ቢጫ ከሆነ ግን ካርቦኑን በአንዴ አታብዙት። ቢጫው ብርሃን ይከልል ነበር። ድንገት ሲጠራ ያው መብራት ለኮራሉ በጣም ይበረታበታል፤ ሊነጣም ይችላል። እኔ ማሽሩሞቼን እንዲህ አድርጌ አኮማትሬያቸዋለሁ። አሁን ለ60 ሊትር ሦስት የሾርባ ማንኪያ እጠቀማለሁ፣ በሦስት ሳምንት አንዴ እቀይራለሁ። ከዚያ በላይ ቢቆይ ቀዳዳዎቹ ሞልተዋል፤ ባክቴሪያ የሚኖርበት ጠጠር ነው የሚሆነው።

የካርቦን ጥራት ይለያያል። የገዛሁት አንዱ ራሱ ፎስፌት ይለቅ ነበር። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፦ አንድ ማንኪያ ካርቦን በአንድ ብርጭቆ የአርኦ (በልዩ ማጣሪያ የተጣራ ንጹሕ) ውሃ አሳድሩና ጠዋት ውሃውን ለኩት። ፎስፌት ካሳየ ሌላ ፈልጉ። የትኛውንም ካርቦን ግን ሳታስገቡት በአርኦ ውሃ እጠቡት፤ ጥቁሩ ዱቄት እስኪያልቅ።

እንግዲህ ጂኤፍኦ። ሃመሬን የጎዳው እሱ ነው።

ጂኤፍኦ የብረት ዝገት ዘመድ የሆነ ቡናማ ጠጠር ነው። ፎስፌት ሲነካው ገጹ ላይ ይጣበቃል፤ አይለቅም። ሥራውን በጣም ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ችግሩም ይህ ነው። ካርቦን ላይ ትንሽ ብታበዙ ብዙ አይጎዳም። ጂኤፍኦ ላይ ብታበዙ በአንድ ሌሊት ውሃው ባዶ ሊሆን ይችላል።

በታንኬ መስታወት ላይ ትንሽ አረንጓዴ አልጌ አይቼ ነው ጂኤፍኦውን ያበዛሁት። ፎስፌቴ ያን ጊዜ 0.08 (ከአንድ ሚሊየን ክፍል) ነበር። ይህ ቁጥር ምንም ችግር የለበትም። እኔ ግን ዝቅ ባለ ቁጥር ጥሩ ነው የሚል አስተሳሰብ ነበረኝ። ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እጥፍ አድርጌ ጨመርኩ። ከዚያ በመግቢያዬ የነገርኳችሁ ዜሮ መጣ። ናይትሬቱም ከዚያ በፊት ዝቅ ብሎ ነበር።

ኮራል በሥጋው ውስጥ ዙዛንቴላ የሚባል አልጌ አለው። አልጌው በብርሃን ምግብ ሠርቶ ለኮራሉ ያካፍለዋል። አልጌውም ኮራሉም ግን ሴል ለመሥራት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይፈልጋሉ። ዜሮ ውሃ ውስጥ ብርሃን ብቻውን አያኖራቸውም። በተፈጥሮ ሪፍ ላይም የሚለካው ፎስፌት በጣም ዝቅተኛ ነው፤ ያ ነው ብዙዎቻችንን የሚያሳስተን። እዚያ ግን ማዕበሉ ቀን ከሌት ረቂቅ ፍጥረታትን ያመጣላቸዋል። እኛ ጋ ማን ያመጣላቸዋል?

ሃመሩ መክሳቱ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ከአንድ ሳምንት በኋላ አሸዋው ላይ ቡናማ ንፍጥ መሰል ነገር ታየ። ጠዋት መብራቱ ሲበራ ስስ ነው። ከሰዓት በኋላ ይወፍርና ክር ክር ይሠራል፤ ጫፉ ላይ የአየር አረፋ ይይዛል። ሌሊት ይጠፋል። በማግስቱ እንደገና። ከዚያ ቀንድ አውጣዎቹ አንድ በአንድ ከመስታወቱ እየወደቁ መሞት ጀመሩ።

ዳይኖፍላጀሌት (በአጭሩ ዳይኖ) የሚባል በዓይን የማይታይ ረቂቅ ፍጥረት ነው። ለማረጋገጥ ጥቂቱን በትንሽ ጠርሙስ ወስጄ በኃይል ናጥኩት፣ በወረቀት አጣራሁት፣ የተጣራውን ውሃ መብራት ሥር አስቀመጥኩት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቡናማው ክር ተመልሶ ተሰበሰበ። ተራ አልጌ እንዲህ አያደርግም። የሚገርመው፣ ኮራሉን የሚያኖረው ዙዛንቴላም የዚሁ ወገን ነው። ውሃው ባዶ ሲሆን ተራው አልጌና ባክቴሪያው ይዳከማሉ፤ ቦታውን እነዚህ ይወርሱታል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው፤ መስታወት ላይ ያለች አረንጓዴ አልጌ ላጥፋ ብዬ ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር አመጣሁ።

ጂኤፍኦውንና ፒውሪጅኑን ያን ቀኑን አወጣሁ። ለዓሦቹ ምግብ ጨመርኩ። ፎስፌት በፈሳሽ መልክ በጠብታ መስጠት ጀመርኩ። እዚህ ላይ ታገሱ። ጠዋት 0.05 አድርሼ ማታ ስለካ የለም። በማግስቱም እንዲሁ። ድንጋዩና አሸዋው እየመጠጡት ነበር፤ የተሠሩበት ካልሲየም ካርቦኔት ፎስፌት ይይዛል። ዘጠኝ ቀን በተከታታይ ከጨመርኩ በኋላ ነው ቁጥሩ መቆም የጀመረው። መብራቱን ሦስት ቀን አጠፋሁ። ትንሽ ዩቪ መብራት (በውሃው የሚንሳፈፉትን ረቂቅ ፍጥረታት የሚገድል) አስገባሁ። ካርቦኑን ግን አላወጣሁም፤ እንዲያውም በየሳምንቱ ቀየርኩት፤ ዳይኖዎቹ የሚለቁትን መርዝ የሚይዝልኝ እሱ ነበር። በጠቅላላው ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሃመሩ ከሦስት ራሱ አንዱን አጣ።

ጂኤፍኦን አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። ፎስፌታችሁ 0.2 ወይም 0.3 ከሆነ፣ ጥጡን በጊዜው እየቀየራችሁ፣ ምግቡን ልክ አድርጋችሁ፣ ውሃ እየቀየራችሁም አልወርድ ካለ ያኔ ቦታው ነው። እኔ ዛሬ ቢያስፈልገኝ አንድ የሾርባ ማንኪያ በከረጢት አድርጌ እጀምራለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ እለካለሁ። ከዚያ ነው ልጨምር ወይስ ልተው የምለው። ስታጥቡት በእጃችሁ አትሹት፤ ይፈረፈራል። የአርኦ ውሃ አፍስሱበት፣ ቀዩን ውሃ ድፉ፣ እስኪጠራ ድገሙ። ፎስፌቱ እንደገና ከፍ ማለት ሲጀምር ጠጠሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ቀይሩት። ጊዜውን ከካላንደር ሳይሆን ከመለኪያው ውሰዱ።

መለኪያ ካልኩ አይቀር፣ ፎስፌትን በጠብታና በቀለም ሰንጠረዥ ብቻ መለካት ለዚህ ሥራ አይበቃም። 0.00ን ከ0.05 በዓይን መለየት በጣም ያስቸግራል፤ ልዩነቱ ግን ለኮራሉ የሞትና የሕይወት ነው። ሃና የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ትንሹ ዲጂታል መለኪያ ይለየዋል። ለዝቅተኛ መጠን የተሠራው ዓይነት አንዱ የሚያሳየው ፎስፈረስን ከአንድ ቢሊየን ክፍል ነው፤ ያን ቁጥር በ3.066 አባዝታችሁ ለ1000 ስታካፍሉት ፎስፌት ከአንድ ሚሊየን ክፍል ይሆናል። ለምሳሌ 16 ካሳየ 0.05 ያህል ነው። ብርጭቆውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፤ የጣት አሻራ ራሱ ቁጥሩን ይቀይረዋል። እኔ ፎስፌትን ከ0.03 እስከ 0.1፣ ናይትሬትን ከ5 እስከ 10 እይዛለሁ። ከዚያ ወለል በታች ሲወርድ ነው የምደነግጠው፤ ትንሽ ከፍ ሲል አልደነግጥም።

ሰው ሠራሽ ከሆኑት ውስጥ ፒውሪጅን ጥሩ ነው። ደቃቅ ነጫጭ እንክብሎች ናቸው፤ የሟሙ ኦርጋኒክ ነገሮችን ይይዛሉ፤ ውሃ በጣም ያጠራሉ። ሲሞሉ ቡናማ ይሆናሉ፤ ስለዚህ መቼ እንደደከሙ በዓይን ይታያል። በእኩል መጠን በረኪናና ውሃ 24 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ አጥቦ፣ በክሎሪን ማጥፊያ አክሞ እንደገና መጠቀም ይቻላል። በረኪናው ሽታ ያልተጨመረበት ይሁን፤ ዕቃው ብረት አይሁን። እኔ ግን ትቼዋለሁ። ካርቦኑ የእኔን ታንክ ይበቃዋል። 60 ሊትር ውስጥ የቀረች ትንሽ በረኪና ደግሞ የምትፈራ ነገር ናት።

ሌሎች ሁለት ነገሮች በጨረፍታ። ዘዮላይት ለአሞኒያ ተብሎ ይሸጣል። ጨው በሌለው ውሃ ይሠራል። በጨው ውሃ ግን ሶዲየሙ ቦታውን ስለሚሻማው አሞኒያ አይይዝላችሁም፤ ለአሞኒያ ብላችሁ አትግዙት። በአሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚሠሩ ነጫጭ የፎስፌት ማስወገጃዎችም አሉ። ሌዘር ኮራል ካላችሁ እነሱን ተዉአቸው፤ አሉሚኒየሙን አይወድም፤ ይዘጋል።

የአቀማመጡ ነገር ከምርጫው እኩል ነው። ውሃ ሰነፍ ነው፤ ቀላል መንገድ ካገኘ በሚዲያው ውስጥ አያልፍም። የካርቦን ከረጢቴን ሁለተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አስደግፌው ነበር። አንድ ቀን በስሪንጅ ትንሽ ምግብ ነፍቼ ሳይ ፍርፋሪው በከረጢቱ ጎን ሽው ብሎ አለፈ። ለወራት ውሃው እንዲሁ ነበር የሚያልፈው። አሁን ከረጢቱ የክፍሉን ወርድ ሙሉ ይይዛል፤ ከሥሩ ደግሞ ከፕላስቲክ ፍርግርግ መቀመጫ ሠርቼለታለሁ። ቅደም ተከተሉ ጥጥ፣ ከዚያ ካርቦን፣ ከዚያ ፓምፕ ነው። ካርቦኑ ከጥጡ በፊት ከገባ በአንድ ሳምንት ዝቃጭ ይለብሳል። ጥጡን ደግሞ ጠቅጥቃችሁ አትሙሉት፤ ውሃው ከላዩ ገንፍሎ ያልፋል፣ ሦስተኛው ክፍል ይጎድላል፣ ፓምፑ አየር መሳብ ይጀምራል። ጉር ጉር የሚል ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ ጥጡን እዩ።

ታዲያ ዛሬ ማጣሪያዬ ውስጥ ያለው ጥጥ፣ ሦስት ማንኪያ ካርቦንና ሁለተኛው ክፍል ጥግ ያለች አንዲት ጡብ የምታህል ስፖንጅ ብቻ ነው። ስፖንጇ ለዚህ ታንክ አይደለችም። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ወይም አንዱ ሲታመም ለብቻው የማቆይበት ትንሽ ዕቃ አለኝ። ስፖንጇን ወደዚያ ሳዛውራት ባክቴሪያውን ይዛ ትሄዳለች፤ ዓሣው ከመጀመሪያው ቀን አሞኒያ አያቃጥለውም። እዚያ መዳብ ያለበት መድኃኒት ከተጠቀምኩ ስፖንጇ ወደ ሪፉ አትመለስም። መዳብ ዓሣ ያድናል፤ ኮራልና ሽሪምፕ ግን ይገድላል፤ ስፖንጅና ድንጋይ ውስጥም ይቀራል። ትጣላለች፤ በምትኩ ሌላ ስፖንጅ ጥጉ ላይ ይገባል፤ ከአንድ ወር ከግማሽ በኋላ እሱም ዝግጁ ይሆናል።

ማጣሪያችሁ እንደ እኔ ክፍት ሳይሆን የተዘጋ ጣሳ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። መብራት ሄዶ ለብዙ ሰዓት ከቆመ፣ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ ያልቅና ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል። መብራቱ ሲመጣ ያ ውሃ በቀጥታ ታንኩ ውስጥ ነው የሚገባው። ስለዚህ መብራቱ ከመመለሱ በፊት ሶኬቱን ንቀሉ። ጣሳውን ክፈቱና አሽትቱት። የገማ እንቁላል ከሸተተ ውሃውን ድፉ፣ ሚዲያውን በታንክ ውሃ አለቅልቁ፣ ከዚያ በኋላ አስነሱት።